እሳትና ውሃ በአንድ ድስት

ያቺን ግማሿ ጥቁር፣ ግማሿ ነጭ የሆነች ክብ ምልክት የማያውቅ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ቲሸርት ላይ አለች፣ ቀለበት ላይ አለች፣ ለሁለት ተገምሳ የፍቅረኞች የአንገት ሐብል ትሆናለች፣ ክንዱ ላይ የተነቀሳትም ሞልቷል። "ምን ማለት ናት?" ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ባለንቅሳቱ ራሱ ትንሽ ደንገጥ ይላል። "ሰላም መሰለችኝ" ያለኝ አለ። አንዱ ጎረምሳማ የካራቴ ክለብ ዓርማ ናት ብሎ ድርቅ ብሎብኛል።

እኔን ይህቺን ምልክት በቁም ነገር ያስጠናኝ የፍልስፍና ፍቅር አይደለም። የፍቅር ጣጣ ነው።

እጮኛዬ በምዕራብ ቻይና፣ የሲቹዋን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው ቼንግዱ ውስጥ የውሃ ምህንድስና ትማራለች። ሁለት ዓመት ብላ ነበር የሄደችው። ሁለቱ ዓመት ሊያልቅ ሲል መምህሯ "ለዶክትሬት ቆዪ፣ አራት ዓመት ነው" አሏት። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ አለኝ፣ ስኳር ያለባት እናት አለችኝ፣ እሷ ዘንድ የቀረሁት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ቤተሰብ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ለመላክ ጨርሷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ጠባያችን አይገናኝም። እሷ እየተናገረች ነው የምታስበው፤ እኔ አስቤ ጨርሼም አልናገርም። ጓደኞቻችን "እሳትና ውሃ ናችሁ፣ አትዘልቁም" እያሉ ሲቀልዱብን አምስት ዓመት ሆናቸው። እናላችሁ ሦስት ወር በስልክ ከተነታረክን በኋላ፣ ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አለመሆኑ ገባኝና የ10 ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ያውም በሁዳዴ፣ ተሳፈርኩ።

ቼንግዱ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሰማይ የለሽ ሰማይ ነው። ጉም ነው፣ ግራጫ ነው፣ ርጥብ ነው። አገሬው ራሱ "ፀሐይ ብቅ ስትል ውሾች እንግዳ መጣ ብለው ይጮኹባታል" እያለ ይቀልዳል። እጮኛዬ ከባቡር ጣቢያው ስንወጣ ቀና አለችና "ዛሬ ዪን ነው" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በቻይንኛ ደመናማ ቀን ማለት ቃል በቃል "የዪን ቀን" ማለት ነው። ፀሐይ ደግሞ "ታላቁ ያንግ" ነች። ሰገነት "የያንግ መድረክ" ይባላል። የባትሪ ድንጋይ ሁለቱ ጫፎች እንኳን ሳይቀሩ ዪንና ያንግ ናቸው። እኛ የተነቀስናትን ነገር እነሱ በየቀኑ ሲያወሩባት ይውላሉ።

ነገሩ ከተራራ የተነሣ ነው። ዪን ማለት ጥንት ጥላ ያረፈበት የተራራው ጎን ነበር፤ ያንግ ደግሞ ፀሐይ የሚመታው። ዛሬም በከተማ ስም ላይ ቀርቷል፤ ሉዮያንግ የምትባለው ጥንታዊት ዋና ከተማ ስሟ የሉዮ ወንዝ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ማለትም ሰሜናዊው ዳር ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፀሐይ ስትዞር ጠዋት ጥላ የነበረው ጎን ከሰዓት በኋላ ብርሃን ይሆናል። እና አንድ ነገር ለዘለዓለም ዪን፣ አንድ ነገር ለዘለዓለም ያንግ አይደለም። እኛ ብርሃንና ጨለማ ሲባል ደግና ክፉ፣ መልአክና ሰይጣን ነው ቶሎ ትዝ የሚለን። በታኦ መንገድ ግን ሁለቱ አይገዳደሉም፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ውስጡ መብቀል ይጀምራል። በጥቁሩ ውስጥ ያለችው ነጭ ነጥብ፣ በነጩ ውስጥ ያለችው ጥቁር ነጥብ ይህንን ነው የምትለው።

በደረስኩ ማግስት ማታ እራት ጋበዘችኝ። የሲቹዋን ነገር ሲነሣ ሁዎጉዎ ሳይበላ አይታለፍም፤ ትርጉሙም "የእሳት ድስት" ነው። ጠረጴዛው መሐል እሳት ይለኮሳል፣ ድስት ይጣዳል፣ መረቁ ሲፈላ እያንዳንዱ የፈለገውን በቾፕስቲክ እየነከረ ይበላል። ከምላስ አልፎ ከንፈር የሚያደነዝዝ ቁንዶ በርበሬ አላቸው፤ ከሚጥሚጣችን ጋር ወንድምና እህት አይደለም፤ ሚጥሚጣ ይመታል፣ ይኼኛው መርፌ እንደተወጋ ሰው ያደነዝዛል። ታዲያላችሁ ልጅት የእኔን ጾም አስባ ለሁለት የተከፈለ ድስት አዘዘች። መሐሉ ላይ እንደ ወንዝ የተጠማዘዘ ብረት አለው፤ በአንድ ወገን በከብት ሞራ የተሠራ ደም የመሰለ ቀይ መረቅ፣ በሌላው ወገን ነጭ የእንጉዳይ መረቅ። ቁልቁል ስታዩት ያቺው ምልክት ራሷ ነች።

የድስቱ ስም ዩዋንያንግ ይባላል፤ ይሄ ያንግ ያ ያንግ አይደለም፣ በጽሕፈት ይለያል። ዩዋንያንግ ሁልጊዜ ጥንድ ሆነው የሚሳሉ የዳክዬ ዓይነቶች ናቸው። ወንዱ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ የሠርግ ልብስ የለበሰ የሚመስል፤ ሴቷ አመድማ። አንድ ዘር ናቸው ብሎ ለማመን ያስቸግራል። ቻይናዎች ግን የባልና ሚስት ምልክት ያደረጉት እነዚህኑ የማይመሳሰሉትን ነው። ይህን ስትነግረኝ ምን ለማለት እንደፈለገች ገብቶኛል፤ ዝም አልኩ።

ወዲያው ቀዩ ወገን በኃይል ፈላና አንድ ሁለት ጠብታ ሞራ ብረቱን ተሻግሮ ነጩ ላይ አረፈ። በቃ፣ የእኔ እራት በዚያው አበቃ። እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት "ይኸው ነጥቧ ገባች!" ትላለች፤ እኔ ቶፉ ለብቻ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ በሰሐን እስኪመጣልኝ በረሃብ እቁለጨለጫለሁ። ጾመኛ ሆናችሁ ወደዚያ ከሄዳችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ ድስት አትጋሩ፣ ሞራ መኖር አለመኖሩን ሳትጠይቁ ማንኪያ አታንሡ።

በሦስተኛው ቀን ዱጂያንግያን ሄድን። ከቼንግዱ በስተሰሜን ምዕራብ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እኔ ቤተ መቅደስ ወይም ሐውልት ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ይዛኝ የሄደችው ወንዝ ዳር ነው። "ስለ ዪንና ያንግ መጽሐፍ ከምታነብ ይኼን እይ" አለችኝ።

ሚን ይባላል ወንዙ። ከተራራ ላይ በረዶና ዝናብ ተሸክሞ በጥድፊያ ይወርድና በድንገት ሜዳ ያገኛል። ጥንት በክረምት ሜዳውን ያጥለቀልቀዋል፣ በበጋ ደግሞ ገበሬው ውሃ ያጣል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ256 ገደማ (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) የቺን መንግሥት የሾመው ሊ ቢንግ የሚባል የአካባቢው ገዥ ነገሩን ተያያዘው። የሚገርመው ግድብ አልገደበም። ወንዙን ለሁለት ከፈለው እንጂ።

እዚህ ላይ ልጅት በሙያዋ ገባች፣ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ። ወንዙ መሐል የዓሣ አፍ የሚመስል ሹል መከፈያ አለ። ድሮ የተሠራው በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ድንጋይ እየታጨቀ ነበር። መከፈያው ውሃውን ውጫዊና ውስጣዊ ብሎ ይለየዋል። ውጫዊው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ ጎርፉን ተሸክሞ ይሄዳል። ውስጣዊው ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ወደ እርሻው የሚሄደው እሱ ነው። በድርቅ ወራት ውሃው ሲያንስ ጥልቁን ተከትሎ ከ10 እጅ 6ቱ ወደ ውስጥ፣ 4ቱ ወደ ውጭ ይፈሳል። በጎርፍ ወራት ደግሞ ሰፊውን ተከትሎ ይገለበጣል፤ 6ቱ ወደ ውጭ፣ 4ቱ ወደ ውስጥ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የወንዙ ወለል ቅርጽ ነው እንጂ ዘበኛ የለውም።

ውስጣዊው ወንዝ ትንሽ እንደሄደ ዝቅ ያለ መከለያ ያገኛል፤ "አሸዋ አብራሪ" ይሉታል። ውሃ ሲበዛ ትርፉ በላዩ ዘሎ ወደ ውጭኛው ይመለሳል፤ በመጠምዘዙ ምክንያት አሸዋውንና ጠጠሩን ይዞ ይወጣል። የቀረው ተራራው ተቆርጦ በተሠራ 20 ሜትር ያህል በሚሰፋ አንገት ያልፋል፤ ስሙ "የውድ ማሰሮ አፍ"። ምን ያህል ውሃ ቢመጣ ከአንገቱ በላይ አይገባም። ተራራውን እንዴት ቆረጡት? ባሩድ ገና አልተፈለሰፈም። ዓለቱ ላይ እሳት ያነዳሉ፣ ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ይደፉበታል፤ ይሰነጠቃል። እንደሚተረከው ስምንት ዓመት ፈጅቷል። እሳት ብቻውን ዓለቱን አይሰብረውም፣ ውሃም ብቻውን አይሰብረውም። "እሳትና ውሃ ናችሁ" የሚሉን ጓደኞቻችን ትዝ አሉኝ።

ይኼ ነገር ዛሬም ይሠራል፤ ከ6 መቶ ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ያጠጣል። እርግጥ እንዳለ አልቆየም። መከፈያው ዛሬ ሲሚንቶ ነው፣ ዘመናዊ በሮች ተጨምረውለታል፣ ከበላዩም በ2000ዎቹ ዚፒንግፑ የሚባል ትልቅ ግድብ ተሠርቷል፤ ስለዚህ ወንዙ የድሮውን ያህል አያስቸግርም። በሜይ 12 ቀን 2008 ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ የፈጀው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለሊ ቢንግና ለልጁ መታሰቢያ የቆመው የሁለቱ ነገሥታት ቤተ መቅደስ ክፉኛ ፈራርሷል። መከፈያው ግን መሰንጠቅ ነው የገጠመው። ቤተ መቅደሱም ታድሶ ቆሟል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ጥገናው ነው። ብልሃቱ አንዴ ተሠርቶ የተቀመጠ አይደለም። ለብዙ መቶ ዓመታት በየበጋው አንዱን ክንድ በእንጨት ባለሦስት እግርና በቀርከሃ ምንጣፍ ይዘጉና ደለሉን ይጠርጋሉ። እስከየት ድረስ ነው የሚጠረገው? ወለሉ ውስጥ ብረት ተቀብሯል፤ ብረቱ እስኪታይ። ከዚያ ካላችሁ ውሃው ይጎድላል፣ ካለፋችሁ ይበዛል። መጋቢት መጨረሻ ላይ የእንጨቱን እግሮች በገመድ ጎትተው ይጥሉና ውሃው ይለቀቃል፤ ዛሬ በዓል ሆኖ በከበሮ ይከበራል። እኔ በቀናት አመለጠኝ፤ በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችኝ። በ1974 ደግሞ ከወንዙ ወለል ውስጥ የሊ ቢንግ የድንጋይ ሐውልት ተገኝቷል፤ ቁመቱ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በ168 ዓ.ም. የተቀረጸ። ጥንት ወንዙ ውስጥ የድንጋይ ሰዎች ይቆሙ ነበር ይባላል። ውሃው ሲቀንስ ከእግራቸው እንዳይወርድ፣ ሲሞላ ከትከሻቸው እንዳያልፍ ነው መለኪያው። ሚዛን ሲባል መሐል ላይ የቆመ አንድ መስመር ይመስለን የለ? እዚህ ግን ከእግር እስከ ትከሻ ድረስ ስፋት አለው።

ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ። የማያውቁትን ሰው "አግብተሃል?" ብሎ መጠየቅ እዚያም ነውር አይደለም። ገና መሆናችንን ስትነግራቸው ምክር ሰጡን፤ እሷ ቃል በቃል እየተረጎመች። "ወንድ ያንግ ነው፣ ሴት ዪን ናት። ሴት እንደ ውሃ ለስላሳ ትሁን፣ ባሏን ትከተል፣ ቤቱ ይጸናል።" ተርጉማ ስትጨርስ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። አመስግና ሒሳብ ከፍላ ተነሣች፤ እኔም ኮቴዬን አንሥቼ ተከተልኩ (ማን ማንን እንደተከተለ ልብ ይሏል!)።

በእውነቱ የሽማግሌው ምክር የመጣው ከየት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሃን ነገሥታት ዘመን ዶንግ ዦንግሹ የሚባል የኮንፊሽየስ ሊቅ ነበር። ያንግ ከዪን ይበልጣል፤ ስለዚህ ንጉሥ ከሹም፣ አባት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ይበልጣል ብሎ ደረጃ የሠራለት እሱ ነው። ለቤተ መንግሥት የሚስማማ ትምህርት ስለሆነ ሥር ሰደደ። የላኦ ዙ ነው በሚባለውና በ81 ምዕራፍ በተከፈለው የታኦ መጽሐፍ ውስጥ ግን ዝቅ ያለው ሥፍራ፣ ሸለቆው፣ ሴቴው፣ ውሃው ነው የሚመሰገነው፤ ደካማ መስሎ ጠንካራውን የሚያሸንፍ ሆኖ። እና "ዪን ሁኚ" የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ "ዝም በይ" ማለታቸው ነው። በእኛ ቤት ደግሞ የማልናገረው እኔ ነኝ፤ እንዲያ ከሆነ ዪኑ እኔ ልሆን ነው!

በማግስቱ ቺንግቼንግ ተራራ ወጣን። ከዱጂያንግያን ቅርብ ነው፤ ሁለቱም በ2000 በአንድነት የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ዣንግ ዳኦሊንግ በ143 ዓ.ም. እዚህ መጥቶ እንዳስተማረ ይነገራል፤ ታኦኢዝም ከፍልስፍና ወጥቶ ካህናት፣ ሥርዓትና ምእመናን ያሉት ሃይማኖት የሆነው በእሱ እጅ ነው። ተከታዮቹ አምስት አምስት ቁና ሩዝ ስለሚያዋጡ "የአምስት ቁና ሩዝ መንገድ" እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ተራራው ጫካ ነው፤ አረንጓዴነቱ ጥቁር እስኪመስል። ደረጃው አያልቅም። እሱ ተከለው የሚባል የጊንኮ ዛፍ አለ። ሹሩባቸውን አናታቸው ላይ ጠቅልለው ያሰሩ፣ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ መነኮሳት ያልፋሉ፤ የዚህ ገዳም ሰዎች አያገቡም። "እነሱን የትዳር ምክር መጠየቅ አይቻልም" አለች። የተራራው ዝነኛ ምግብ በጊንኮ ፍሬ የተቀቀለ ዶሮ ነው፤ ሁዳዴ ስለሆነ በዓይኔ አልፌ ኮምጣጣ አትክልትና ሩዝ በላሁ።

ደረጃው አጋማሽ ላይ፣ ትንፋሽ ሲያጥረን ተቀመጥንና ዋናው ነገር ተነሣ። እኔ የያዝኩት ሐሳብ "እኩል እንካፈል" ነበር፦ ሁለት ዓመት ተምረሻል፣ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ፣ አሁን ነይ።

"እኩል አልፈልግም" አለች።

"ታዲያ ምን?"

"ወንዙን አላየህም? እኩል ተካፍሎ አያውቅም። አንዴ ስድስት ለዚያ፣ አንዴ ስድስት ለዚህ። አሁን የእኔ ድርቅ ነው። ይቺ ዕድል ካለፈችኝ አትመለስም። አሁን ስድስቱን ስጠኝ።"

"እናቴ ስትታመምስ? እሱስ የማን ድርቅ ነው?"

ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ያየሁት ያኔ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ አይቼ አላውቅም። ቆይታ "ያኔ ይገለበጣል" አለች። እኔም፣ እኔ የማልናገረው ሰው፣ ተናገርኩ። እናቴን ጥዬ ቼንግዱ መኖር እንደማልችል፣ አራት ዓመት በስልክ መኖርም እንደማልችል፣ ሽማግሌው ተልኮ እሷ ከሌለች ቤተሰብ እንደሚያፍር፣ ሁሉንም። መንገደኛው እያየን ያልፋል። ጮኸናል መሰለኝ።

ከተራራው ስንወርድ የደረስንበት ይኼ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የእሷ ስድስት ናቸው፤ ትምህርቱን ቼንግዱ ትማራለች፣ በዓመት አንድ ጊዜ እኔ እሄዳለሁ፣ አንድ ጊዜ እሷ ትመጣለች። የኋለኞቹ ሁለት ዓመታት የእኔ ናቸው፤ ጥናቷ ስለ ደለል ስለሆነ መረጃዋን ከአገር ቤት ወንዝ ላይ ትሰበስባለች፤ ለዚህም መምህሯ ተስማምተዋል። ሠርጉ በመሐል ነው። የእናቴ ጤና ከተበላሸ ግን ውሉ በሙሉ ይገለበጣል፣ ማንም ማንንም "ቃልህን" "ቃልሽን" አይልም። በየመጋቢቱ ደግሞ ደለል መጥረጊያ አለን፤ የተከማቸውን ሁሉ እናወጣለን፣ ብረቱ እስኪታይ።

ከእኔ በላይ የተቸገርኩት አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እናቴ የወንዙን ፎቶ አንድ በአንድ አየች። ይህኛው ስድስት፣ ያኛው አራት እያልኩ አስረዳኋት። መነጽሯን አወለቀችና "የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ወደ አንቺ ነው ብያታለሁ፤ ብዙም አልተዋጠላትም፣ ኩርፊያው ሁለት ሳምንት ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ቤታቸው ናቸው። የሚቀጥለው ትኬት ለመስከረም ተቆርጧል፤ ተራዋ ስለሆነ የምትመጣው እሷ ናት፣ ቁንዶ በርበሬውንም ይዛ እንድትመጣ አዝዣለሁ፤ ያኔ ፍስክ ነው።